ሁለተኛው ቀዳዳ

ቦንጋ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል ወንድም ጋሼ? የደካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ትከሻህስ አሁንም ያምሃል ወይስ እንደ ልማድህ ደህና ነኝ ብለህ ልታልፈኝ ነው? በስልክ ስጠይቅህ መልስህ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። በወረቀት ደግሞ ልታቋርጠኝ አትችልም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ አላባራም፣ ከተማው ጭቃ ብቻ ነው። ትሁት ልጄ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ካልገባሁ ይህንንም እንደ ሌሎቹ ቀድጄ እጥለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ዘነበች ደውለው ብየዳ ቤትህ የነበረውን ክፍል ለሌላ ሰው ስለሚያከራዩት ዕቃህን እንዳነሳ ነገሩኝ። ሄድኩ። ብረት መያዣው ሞርሳህ ዝጎ ከጠረጴዛው ጋር ተጣብቋል። ጥግ ላይ አንድ የብየዳ ኤሌክትሮድ ካርቶን ነበር፤ ባዶ መስሎኝ ልጥለው ስል ውስጡ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። አራት ቦታ የታጠፈ፣ የዚያ አብረን የሠራነው ድልድይ ፕላን ነው፣ ሦስተኛው ገጽ። በቀይ እስክሪብቶ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ ቡሎኖቹ ጎን ለጎን ይሁኑ ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ።

እዚያው ብረት ብናኝ ላይ ተቀመጥኩ። አንተ እኮ ድልድዩ ሲሰበር ለአጣሪ ኮሚቴው ማንም አላዘዘኝም፣ በራሴ ነው የቀየርኩት ብለህ ነበር። እኔም መሐንዲሷ ከፊት ለፊትህ ተቀምጬ ነበር።

የዚያን ቀኑን ነገር አንተ ብታውቀውም እኔ በገዛ እጄ ልጽፈው ይገባኛል። በመጀመሪያው ፕላን ላይ የታችኛውን ብረት፣ ያን አሥራ ሁለት ሳንቲም ወርድ ያለውን ላሜራ፣ የሚያያይዙት ቡሎኖች ዚግዛግ ነበሩ። ስሌቴም በዚያው ነው የተሠራው። የታችኛው ብረት ሥራው መሳብ ነው፤ ድልድዩ ላይ ሰው በበዛ ቁጥር ከሁለት ጫፍ ይወጠራል፣ በተበሳበት በኩል ደግሞ የሚይዘው የተረፈው ብረት ብቻ ነው። ዚግዛግ ሲሆን የአንድ ቀዳዳ ያህል ተቀንሶ ወደ አሥር ሳንቲም ይተርፋል። ጎን ለጎን ከሆነ ግን ሁለቱም ይቀነሳሉ፣ ሰባት ተኩል ያህል ይቀራል። ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ማያያዣው ላሜራ አጥሮ መጣና ለዚግዛጉ አልበቃ አለ። ሌላ እስኪመጣ ክረምቱ ይገባል፣ የምርቃቱ ቀን ተቆርጧል፣ አለቆቼም በየሰዓቱ ይደውላሉ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ጎን ለጎን ይሁን አልኩህ። አንተ መብሻውን ትራፓኖ አስቀመጥክና ላሜራውን በጣትህ ለካህ። እህቴ፣ ሁለቱ አጠገብ ላጠገብ ከተበሱ ብረቱ ምን ይቀረዋል፣ ቀበቶዬን ረሳሽው ወይ አልከኝ። ሰው ፊት ስለነበር አፈርኩ። ስሌቱን ለተማረ ሰው ተወው፣ አንተ ዝም ብለህ ብሳ አልኩህ፣ ያውም በሠራተኞችህ ፊት። ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ቃሌ ነው። ቢሮ ተመልሼ እንደገና ላሰላው ነበር፤ ትሁት አተኩሷት ወደ ቤት ሮጥኩ፣ በነጋታው ረሳሁት።

ቀበቶህንስ እንዴት እረሳዋለሁ? ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ጉርዴ እየወለቀ ሲያስቸግረኝ የራስህን ቀበቶ ቆርጠህ በምስማር ቀዳዳ ጨመርክልኝ። አቀራርበህ ስለበሳኸው በሳምንቱ እዚያው ላይ ተበጠሰ፣ እኔም ጉርዴን በሁለት እጄ ይዤ ባንዲራ ሲሰቀል ቆምኩ። አንተ ስቀህ ስታበቃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ብረትም ቢሆን የሚበጠሰው ከቀዳዳው ነው አልከኝ። ዩኒቨርሲቲ ያንኑ ነው በቁጥር ያስተማረኝ።

ድልድዩ በተመረቀ በአራተኛው ወር፣ በገበያ ቀን፣ ወንዙ ሞልቶ ግንድ ሲያወርድ ለማየት ሰዉ ከነሸክሙ መሀል ላይ ቆመ። ስሌቴ ትርፍ ነበረው፤ ትርፉን ያ ሁለተኛ ቀዳዳ በላው፣ ብረቱ ተበጥሶ ድልድዩ ከመሀሉ ተሰበረ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። ኮረሪማ ተሸክመው የነበሩት እትዬ አልጣሽ ግን ዳሌያቸው ተሰብሮ ይኸው እስከ ዛሬ ያለ ምርኩዝ አይራመዱም።

የተበጠሰውን ብረት ቢሮ ሲያመጡት በሁለቱ ቀዳዳዎች በኩል ቀጥ ብሎ እንደሄደ አየሁ። በሬን ዘግቼ አሰላሁት፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ስለዚህ አላወቅኩም ነበር ብዬ አልዋሽህም። ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከፕላን ውጭ ነው የተበሳው ሲል፣ አንተም በራሴ ነው ስትል፣ ያ ወረቀት ጠፍቶብህ ግራ ቢገባህ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለካ በእጅህ ነበር። ስምንት ወር ታስረህ በየቅዳሜው ምሳ ይዤልህ ስመጣ ስለ ድልድዩ አንድ ቀን አላነሳህም። ትሁት ጡት ጣለች ወይ ብቻ ነበር የምትጠይቀኝ። እኔ ሞኟ ናፍቆት መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ እትዬ አልጣሽ ዘንድ ሄድኩ። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ ያ ወንድምሽ ደህና ነው ወይ፣ ይቅር ብዬሃለሁ ብላለች በይው ይሉኝ ነበር። እኔም እሺ እያልኩ አምስት ዓመት አለፍኳቸው፤ ላንተም አንድ ቀን አልነገርኩህም። ወረቀቱን አሳይቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምርኩዛቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ አጋደሙት። በካፊኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አሉ። ከዚያ በአማርኛ፣ ታዲያ እኔ ይቅርታዬን ለማን ስሰጥ ነው የኖርኩት አሉኝ። ይቅር አላሉኝም፤ ይቅር ይበሉኝም አላልኳቸው።

ዋናውን ወረቀት ከስሌቱና ከአንድ ገጽ የእጅ ጽሑፌ ጋር ትናንት ለዐቃቤ ሕግ አስገብቻለሁ። መዝገብ ገብቶ ማኅተም ተመቶበታል፣ ስለዚህ ደውለህ ተይው እንዳትለኝ። ለምን ዝም እንዳልክ ገብቶኛል፤ አሁን ግን ልጅቷ ራሷን ችላ ትበላለች፣ ጫማዋንም ራሷ ታስራለች። ያንተ ስምና የሥራ ፈቃድህ ይመለሱ ይሆናል። ስምንቱ ወር አይመለስም፣ ያ ቃሌም አይመለስም። ሠራተኞችህን ሰብስቤ በእነሱ ፊት ይቅርታ ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር፣ የት የት እንደተበተኑ አላውቅም። ኮፒውን ከዚህ ጋር በሹፌሩ በግዛቸው እጅ ልኬልሃለሁ፤ ለፈለግከው ሰው አሳየው። ይቅር በለኝ ወንድም ጋሼ።

የሚመጣው እሁድ ትሁትን ይዣት እመጣለሁ። እኔ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቃሌን ልሰጥ ቦንጋ መገኘት ስላለብኝ አላድርም፤ በዚያው ያስቀሩኝ ይሆናል። አባቷ ካለፈ ወዲህ ከአንተ ሌላ ሰው የለንም። የልደት ወረቀቷ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ደካ ያለው ትምህርት ቤት ይቀበላታል ብለውኛል። ዶሮ ወጥ ቢያቃጥላትም ትበላዋለች፣ ጎመን ግን አታስገድዳት። ዩኒፎርሟን ለከርሞም ለከርሞ ወዲያም እንዲሆናት ብዬ ሰፋ አድርጌ ነው ያሰፋሁት፣ ቀበቶዋ አልያዘውም። ቀዳዳ ጨምርላት። አራርቀህ ብሳው።

አምላክ ትከሻህን ይማርልህ፣ እጅህን ይባርክልህ፣ ካለህበት የሚያምንህ ሰው አያሳጣህ።

ታናሽ እህትህ