የቀባሁት ግድግዳ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፦

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ ራስ ምታትሽስ ለቀቀሽ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት፣ ደረጃ መውጣት ቻለች? ጋሼስ ከነቀልዱ አለ? ልጆቹስ አደጉ? እኛ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን ልዋሽሽ አልችልም።

የትንሿ ልጄ ሳል አልለቅ ማለቱን ታውቂያለሽ። የጤና ጣቢያዋ ሐኪም መድኃኒት ብትቀያይርላትም ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። በመጨረሻ ቤታችሁ ምን ይመስላል ብላ ጠየቀችን። የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ከቧንቧ በሚፈሰው ውሃ እርሶ መሻገቱን አፌን ሞልቼ መናገር አቃተኝ፤ የነገረቻት ባለቤቴ ናት። ሐኪሟም ይህንን መድኃኒት ብቻ አያድነውም ብላ ወደሚቀጥለው ክፍል ወሰደችን። እዚያ ለካ ጠበቃ ተቀምጣለች! ከሐኪሞቹ ጋር አብራ የምትሠራ፣ አቅም ለሌለው በነጻ የምትቆም ናት። አከራያችሁ እንዲያስጠግን እናደርጋለን፣ ሐሙስ እሱ ባለበት መጥተን ግድግዳውን እናያለን አለችን።

ጉዴ እዚህ ላይ ነው እትዬ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ሳሳምር የኖርኩ ቀለም ቀቢ፣ ሐኪምና ጠበቃ ገብተው የገዛ ግድግዳዬን ጠቁሮ ሊያዩት ነው ብዬ ሳስብ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ረቡዕ ባለቤቴ ሥራ ስትሄድ ጠብቄ፣ ጥቁሩን ፋቅ ፋቅ አደረግኩና በዘይት ቀለም ሁለት እጅ ለቀለቅኩት። አማረልኝም። ሊያዩ የሚመጡትን ነገር በገዛ እጄ ማጥፋቴ ውልም አላለኝ።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ የቀለሙ ሽታ ባፈነው ክፍል አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች ትንፋሿ እጥር እጥር ማለት ጀመረ። ተሸክሜያት ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥኩ። ኦክስጅን ሲያደርጉላት ሐኪሟ ጣቶቼን አየቻቸው፤ ቀለሙ አልለቀቀም ነበር። ዞር ብላ የልጅቷን ትንፋሽ ማዳመጥ ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አከራዩ ገብቶ ግድግዳውን ሲያይ፣ የታመመው ግድግዳ ይሄ ነው እንዴ ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ጠበቃዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ነኝ የቀባሁት፣ አፍሬ ነው አልኩና መፋቂያዬን አንስቼ ሁሉም ባሉበት ፋቅኩት። ልስኑ እንደ ራሰ ዳቦ እየተቆረሰ ወረደ፤ ጥቁሩ ከነሽታው ወጣ። የአከራዩ ሳቅ እዚያው ቆመ። ሐኪሟ ሻጋታው ልጅቷን እንደሚጎዳት መሰከረች፤ ጠበቃዋም እንዲያስጠግን አስፈረመችው። ቧንቧው እስኪቀየርና ግድግዳው እስኪደርቅ ላይኛውን ክፍል ለቆልናል። ልጅቷ ተሽሏት እንቅልፍ መተኛት ጀምራለች። ባለቤቴ ግን እስካሁን በቅጡ አታናግረኝም፤ እውነቷን ነው።

እማዬ በእጄ ሙያ ለጎረቤቱ ሁሉ እንደምትኮራብኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ይህቺን አንብቢላት፣ ምኗንም አትዝለይ። ከሰው ከምትሰማ ከእኔው ትስማ። ጋሼን ሰላም በይልኝ፣ ልጆችሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብላችኋለች። ልጄም ሁላችሁንም ትስማችኋለች። እኔን ግን ገና አልሳመችኝም፤ ከሥራ ስገባ የቀለሙ ሽታ ሲደርሳት አፍንጫዋን ይዛ ወደ እናቷ ትሸሻለች።

ታናሽ ወንድምሽ
ከላይኛው ክፍል፣ እሑድ ሰኔ 8 ቀን