በጠፉት ሰዎች ሜዳ ላይ ስላደረግነው ነጻ ሽርሽር

ለክቡር ሊሰንሲያዶ ኦክታቪዮ ባሩንዲያ፣
የሦስቱ ዕንቁዎች ጉብኝት ጽሕፈት ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱልን? የእርስዎ ጤና፣ የባለቤትዎ ጤና፣ በአንቲጓ ከተማ ኮረኮንች ላይ እንኳ ኮሽ ሳትል የምታልፈው አዲሷ መኪናዎ ጤና እንዴት ነው? እኛ በእርስዎ ደግነት እጅግ ደህና ነን፤ እስካሁን ካልተገኙት በስተቀር።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ዓምዴ ላይ የማወጣው ስለዚያ ነጻ ሽርሽር በአደባባይ ላመሰግንዎ ብዬ ነው። ነገሩ ያልደረሳቸው አንባቢዎች ካሉ ልንገራቸው፦ ከሁለት ዓመት በፊት እሳተ ገሞራው ላስ ሎሚታስ የምትባለውን መንደር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በትኩስ አመድ ቀበራት። የተረፉት ሰዎች ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚለምኑት አንዲት ቃል ነው፤ “ሞተዋል” የምትል። መዝገብ ቤቱ ግን ሬሳ አልተገኘምና ዘመዶቻቸውን ዛሬም “የጠፉ” ይላቸዋል። እርስዎም ለቅሶ መድረስ የሚያውቁ ሰው ነዎትና፣ በዚያች ቃል ፈንታ የሁለት ቀን ጉብኝት ሸለሟቸው፦ አንቲጓን፣ የማያ ፍርስራሽንና እሳተ ገሞራውን። እኔም ስለ ቸርነትዎ እንድጽፍ ተጋብዤ አብሬ ተሳፈርኩ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አንቲጓ አመሰግናለሁ። ዋልተር የተባለው ትሁት አስጎብኚዎ በጥንት ጊዜ መሬት ተንቀጥቅጦ የጣለውን ገዳም እያሳየን፣ እዚያው የተቀበሩትን ሴት መነኮሳት ስም ከግድግዳው ላይ አነበበልን። ሁለት ወንድሞቹ አመድ ውስጥ የቀሩበት ዶን ሲክስቶ፣ ቀድሞ ለቱሪስት ፈረስ ያከራይ የነበረው፣ እጁን አወጣ።

“ስማ እንጂ፣ የእነዚህ ሴቶች መሞት ተረጋገጠላቸው?”

“አዎ፣ ዶን ሲክስቶ።”

“ከወደቀባቸው ስንት ዘመን ሆነ?”

“ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ።”

“በሉ ሰዎች፣ ወረፋው ረጅም ነው፤ ቁጭ ብለን እንጠብቅ” አለና እውነትም ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። አውቶቡሱን ያዘገየነው በዚህ ምክንያት ነውና ይቅርታዎን እንለምናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍርስራሹ። እዚያ ለተማርነው ትምህርት ማመስገኛ ቃል አጥቻለሁ። ዋልተር ከፒራሚዱ ሥር ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ከዚያ በኋላ ታላቁ የማያ ሕዝብ ባልታወቀ ምክንያት ጠፋ” አለን። ከአውቶቡሱ የወረደው ሰው ሁሉ ማያ ነው፤ እርስ በርሳችን ተያየን። ባሏንና ሴት ልጇን እሳተ ገሞራው የወሰደባት ዶኛ ኒኮላሳ ቹታ ጥልፍ ሸሚዟን አስተካክላ ወደ ፊት መጣች።

“የኔ ልጅ፣ ማን ነው ጠፋ ያልከው?”

“ማያዎቹ፣ ዶኛ።”

“እኔስ?”

“እርስዎማ… እርስዎ አሉ።”

“እናትህ የየት አገር ሰው ናት?”

“የሶሎላ። ያው እንደ እርስዎ ናት።”

“ውይ፣ እሷም ጠፍታለቻ! ደውልና ንገራት እንጂ፤ እራት ስትሠራ በከንቱ እንዳትለፋ።”

ሳቅን። ዋልተርም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። ለካ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ዘንድ “ጠፋ” ማለት እንዲህ ለሁሉም የሚበቃ ቃል ነው! የወሬ ሰው ነኝና የሰማሁትን ልደብቅዎ አልችልም። ሰዎቹ ሞተዋል ከተባለ ያ ሜዳ መቃብር ይሆናል፣ መቃብር ላይ ደግሞ ትኬት አይቆረጥም፣ ስለዚህ ሊሰንሲያዶ ቃሉ እንዳይለወጥ የማያንኳኩት በር የለም እያሉ ያሙዎታል። ሰው ክፉ ነው፤ እኔ መቼ አምኜ!

እሳተ ገሞራውን ግን “ሦስተኛ” ብዬ በቁጥር ልጠራው አልችልም። ለቀባሪው አረዱት እንዲሉ፣ አመዱ እንዴት እንደወረደ ዋልተር ከድምፅ ማጉያው ጋር ቆሞ ሸሽተው ላመለጡት ሰዎች አስረዳቸው። ጎብኚዎች ገና ባልበረደው ድንጋይ ላይ ነጭ ለስላሳ ከረሜላ በእንጨት ሰክተው ይጠብሳሉ። ዶኛ ኒኮላሳ በየጊዜው እየመጣች የተከለችው መስቀል “መስህቡን ያበላሻል” ተብሎ በተነቀለበት ቦታ ላይ ደግሞ ፎቶ መነሻ ቀይ ሰሌዳ ቆሟል፦ “ከእሳተ ገሞራው ተርፌያለሁ!” ፎቶ አንሺዎ ዶኛ ኒኮላሳን ከሰሌዳው ሥር አቁሞ “ፈገግ ይበሉ” አላት። ያ ሰሌዳ ከተተከለ ጀምሮ እውነት የተናገረው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

እሷ ግን ካሜራውን ትታ ወደ ተቃጠለ የአቮካዶ ጉቶ ሄደች። የደጃፏ ዛፍ ነበር። ተቀመጠችና፣ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ ያላየችውን ወዳጅ እንዳገኘች ሁሉ፣ አመዱን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች ጠየቀች።

“ማክሲሚኖ፣ ዴልፊና፣ ጠፋችሁ እኮ! ምነው እንዲህ ጭራሽ? እኔ እንኳ መጣሁ፤ በቱሪስት አውቶቡስ፣ ከነምሳው።”

ዶን ሲክስቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ዋልተር ድምፅ ማጉያውን አጠፋ። ያላዘዙትን ስላደረገ እንዳይቀጡት፣ አደራ።

ክቡር ሆይ፣ ይህች ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ እርሟን አላወጣችም። የቅዱሳን ሁሉ በዓል ደርሷል። ሌላው ሰው በየመቃብሩ ላይ ቢጫ አበባ በትኖ፣ የወረቀት ካይቱን ወደ ሰማይ ሲለቅ፣ ሙታኑ የካይቱን ጉምጉምታ ሰምተው የወገናቸውን ቦታ ያውቃሉ። ዶኛ ኒኮላሳ ካይቷን ከየት ትልቀቅ? ከከረሜላው ምድጃ አጠገብ? እንግዲህ መስቀሉን ዳግም ቀርጸናል፤ ካይቱም ተለጥፎ እየደረቀ ነው። በበዓሉ ዕለት መስቀሉን ከጉቶው አጠገብ እንተክለዋለን፣ ትኬትም አንቆርጥም። ዘበኞችዎ እነማን ናቸው ብለው ቢጠይቁዎት፣ የለመዱትን መልስ ይስጧቸው፦ ጠፍተዋል ይበሏቸው።

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ከወንበርዎ አያናውጥዎ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተፈልጎ የማይገኝ ሬሳ ከመሆን ይሰውርዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳዎ፣

ባልታወቀ ምክንያት የጠፋው ሕዝብ ልጅ፣
ኦዲሊያ ሹያ

ማስታወሻ፦ ከእሳተ ገሞራው ስንሰናበት ስላደሉን ኮፍያ ሳላመሰግን ልረሳው ነበር። ዶኛ ኒኮላሳ ለባሏና ለልጇም እንዲጨመርላት ብትጠይቅ፣ ለሌሉ ሰዎች አይሰጥም ተባለች። የራሷን አውልቃ ከጉቶው ሥር አመዱ ላይ ትታላቸው መጣች። ፊቱ ላይ ያስጠለፉትን ጽሑፍ ያስታውሱታል መቼም፤ “ተመልሰው ይምጡ” ይላል።