ከብረት ቁም ሣጥን ጋር ሲሟገቱ የኖሩት የአቶ ክፍሉ ወልደጻድቅ የሕይወት ታሪክ

አቶ ክፍሉ ከአባታቸው ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአቶ ወልደጻድቅ ማሞና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለማርያም ተሰማ ጥር 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩት እዚሁ ነው። የስልክ ሥራን ግን ማንም አላስተማራቸውም፤ ከአባታቸው ባልደረቦች ጎን ቆመው እያዩ ለመዱት። በ1950 ዓ.ም. በከተማው የሳሙና ፋብሪካ የስልክ ጥገና ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ፋብሪካው ከተወረሰም በኋላ እዚያው ቀጠሉ። በ1953 ዓ.ም. ከወ/ሮ የኔነሽ በቀለ ጋር ጋብቻ ፈጽመው፣ ቤታቸውን ሳቢያን ሰፈር ሠርተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። የተበላሸ ነገር አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም ነበር። የጎረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ ሳይጠሩ ሄደው ይጠግናሉ፣ እየጠገኑም ባለቤቱን ይቆጣሉ።

ፋብሪካው ውኃ የሚስበው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። ወደ ፓምፑ ቤት የተዘረጋውን የስልክ ሽቦ ጎርፍ በየክረምቱ ስለሚበጥሰው በ1978 ዓ.ም. ያለ ሽቦ የሚሠራ የግቢ ስልክ መጣ። አንድ ዋና ማሠራጫ፣ አንድ አንቴና፣ ስድስት በእጅ የሚያዙ መነጋገሪያዎችና የባትሪ መሙያ ነበሩት። አቶ ክፍሉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ደስታቸው ሳምንት አልቆየም። የንብረት ኃላፊው ማሠራጫውን ከነአንቴናው በብረት ቁም ሣጥን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ባትሪ መሙያውም ከሶኬት እየተነቀለ ቬንትሌተር ይሰካበት ጀመር። የፓምፑ ጠባቂ አቶ ዳሂር ማዶ ሆነው መነጋገሪያውን ጆሯቸው ላይ ቢለጥፉ ከሽሽ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

«ጓድ ክፍሉ፣ ይህን የመሰለ የሕዝብ ንብረት ጣራ ላይ ይሰጣ?» አሉ ኃላፊው።

«ብረት ውስጥ ተቀብሮስ ማን ይሰማዋል?» አሉ አቶ ክፍሉ።

በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ «ታይቷል» የሚል ብቻ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ቀን ይሠራል ብለው ማታ የሞሉትን ባትሪ በየጠዋቱ የወንዙን አሸዋ አቋርጠው ለአቶ ዳሂር ያደርሱ ነበር።

ነሐሴ 14 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ድሬ ጠብታ ሳይወርድባት ደጋው ዘንቦ ጎርፍ መነሣቱ በመደበኛው ስልክ ተነገራቸው። ባለ ቁልፉ ኃላፊ ዋሂል ገጠር ለቅሶ ሄደዋል። አቶ ክፍሉ ቁም ሣጥኑን በመዶሻና በመሮ ሰብረው፣ ማሠራጫውን ተሸክመው ጣራ ወጡ፤ መብራት ስበው አንቴናውን አቆሙ።

«ዳሂር! ውጣ!»

«ወላሂ ክፍሉ! ዛሬ ገና ድምፅህን ሰማሁ! እንዴት ነህ? የኔነሽ ደህና ናት? ልጆቹስ?»

«ሁሉም ደህና ነው፣ ጎርፍ መጣብህ፣ ውጣ!»

«ሞተሩን ላጥፋ?»

«ሞተሩን ተወው አንተ ሰውዬ! ሩጥ!»

አቶ ዳሂር ዳገቱን ሲጨርሱ የፓምፑ ቤት ግድግዳ አልነበረም።

አቶ ክፍሉ ቁም ሣጥን በመስበራቸውና ሞተሩ ሳይጠፋ እንዲተው በማዘዛቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። የፓምፑ ቤት እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ተሠራ። ማሠራጫውም ወፍራም ብረት ያለው አዲስ ቁም ሣጥን ተገዛለትና ተቆለፈበት። ለማስጠንቀቂያው ግድ አልነበራቸውም። ስለ ቁም ሣጥኑ ግን እንቅልፍ አጡ፤ መጻፋቸውንም ቀጠሉ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 6 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። አሥራ ስምንተኛውን ደብዳቤ የጻፉት ሆስፒታል ተኝተው ነው። «ክረምት እየገባ ነው፤ ዳሂር አሁንም ማዶ ነው» ይላል። ፊርማቸው አላለቀም።

ባለቤታቸውን ወ/ሮ የኔነሽን፣ ልጆቻቸውን አሰገደችንና ማዘንጊያን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና ከአልጋቸው አጠገብ ያልተለዩትን አቶ ዳሂርን ትተው አልፈዋል። ደብዳቤውን ቤተሰቡ ፈርሞበት ከዚህ ጽሑፍ ጋር አያይዞታል። ባለ ቁልፉም ዛሬ ከለቀስተኞቹ መካከል ስላሉ በእጃቸው ይሰጣቸዋል።

ለማዶ ሰው ሲጣሩ የኖሩትን አባታችንን እግዚአብሔር በቅዱሳኑ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም ክረምቱ ሳይገባ ልብ ይስጠን። አሜን።