ለእንግዳ የተቀዳውን ውሃ ጠጥተው ስለ ሰጡልን ምስክርነት

ለክቡር አቶ ዘርአብሩክ፣
በምክር ቤት ተወካያችን ለሆኑት፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይ ደግሞ ሆድዎ ፍጹም ጤና ሆናችሁ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ፤ እኛ ከሲቀላ በታች፣ በቦኖው ዙሪያ የምንኖር ነዋሪዎች ከሆዳችን በስተቀር ደኅና ነን።

እኔ ይፍሩ እባላለሁ። ከሰሜን ሸዋ መጥቼ ከላንቴ የሚወጣውን ሙዝ በመኪና ላይ የምጭን፣ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው በመሆኔ፣ ለእርስዎ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ ስሰጋ ሰንብቻለሁ። ይሁን እንጂ ስለ ውሃችን የሰጡትን ምስክርነት በሬዲዮ ከሰማሁ ወዲህ፣ ሳላመሰግንዎ መቅረቱ የባሰ አስፈራኝ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ፤

፩ኛ. የቦኖአችንን ውሃ በዓይንዎ ለማየት ሰፈራችን ድረስ ስለ መጡልን። በዚያን ዕለት ማለዳ አከራዬ ወይዘሮ ዘርፈሽ ቢጫ ጀሪካን አስይዘው፣ ከጫካው ሥር ወዳሉት ምንጮች በባጃጅ ላኩኝ። እኔም ክቡርነትዎ የሚመጡት የቦኖውን ውሃ ሊያዩ ከሆነ እሱኑ ብናቀርብልዎ አይሻልም ወይ ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ብጠይቅ፣ «አንተ ልጅ፣ እናንተ አገር ለእንግዳ አተላ ነው የሚቀርበው?» ብለው ዝም አሰኙኝ። እናም በታጠበ ብርጭቆ የቀረበልዎ የምንጭ ውሃ ነበር፤ ሻይ የመሰለው የቦኖው ውሃ ግን በእንግዳ ፊት እንዳያሳፍረን በባልዲ ሆኖ ከጓሮ ተደብቆ ነበር።

፪ኛ. ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥተው መርምረው፣ በአንድ ትንፋሽ ጨልጠው፣ ከተደገመልዎም በኋላ፣ «እንዲህ ያለ ውሃ እያላችሁ ነው የምታማርሩት?» ስላሉን። የቦኖው ጠባቂ አቶ ብዙነህ እውነቱን ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ ቢያደርጉም፣ እንግዳ በጠጣው ላይ ነገር ማንሣት ነውር ስለሆነ ወይዘሮ ዘርፈሽ እግራቸውን ረገጧቸው። አቶ ብዙነህ እስካሁን ያነክሳሉ፤ ለዚህም ክቡርነትዎ ተጠያቂ አይደሉም።

፫ኛ. በምክር ቤቱ ተነሥተው «እኔ ራሴ ጠጥቼ አረጋግጫለሁ» በማለት፣ በመጸዳጃ ጉድጓዶች ሥር የሚያልፈውን ስንጥቅ ቧንቧ ለመቀየር ተይዞ የነበረው በጀት ለአደባባዩ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ እንዲዛወር ስላደረጉ። ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ ማየት ለከተማው አዲስ ነገር ይሆናል። እኛ ሰፈር ግን የጠጡትን ወደ ላይ መመለስ ከተጀመረ ቆይቷል።

እዚህ ላይ፣ ከፈቀዱልኝ፣ ምስጋናዬን ጥቂት ልግታው። የወይዘሮ ዘርፈሽ ትንሿ ልጅ ኑሃሚን፣ ዳነች ሲባል መልሳ እየታመመች፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ፣ ውሃው ካልተስተካከለ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማይበቃ ነግሯቸዋል። የሚጠጣውን እናፈላለን፤ ነገር ግን ልጅ ናትና ስትጫወት ከቦኖው አፏን ደቅና ትጠጣለች። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ጎርፉ የጉድጓዶቹን ጉድ ይዞ በስንጥቁ ይገባል። ወይዘሮ ዘርፈሽ ምስክርነትዎን በሬዲዮ በሰሙ ጊዜ አጠገባቸው ነበርኩ፤ «በአንድ ብርጭቆ ውሃ ልጄ ላይ አስፈረድኩ» ብለው ሬዲዮውን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን ማንም እንዲያነሣባቸው አይፈልጉም።

ስለሆነም ተጨማሪ በጀት በሚታይበት በመጪው ስብሰባ፣ ከመቀመጫዎ ብድግ ብለው፣ «ያን ጊዜ የጠጣሁት ለእንግዳ የተቀዳ ነበር» የሚል አጭር ቃል እንዲያስመዘግቡልን በትሕትና እለምናለሁ። ንግግሩ ከፏፏቴው ምረቃ ንግግር እጅግ ያነሰ በመሆኑ አያደክምዎትም።

እጁን ደጋግሞ ታጥቦ፣ በየትኛው ውሃ እንደታጠበ ግን እንዳይጠየቅ እየለመነ፣ ይህን የጻፈልዎ፣ ለክብርዎ ዘወትር የሚጨነቀው ታናሽ አገልጋይዎ፣

ይፍሩ
አርባ ምንጭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሰፈሩ ነዋሪ ተሰብስቦ፣ ክቡርነትዎን ከእንግዲህ እንደ እንግዳ መቁጠር ፍቅር ማጉደል ስለሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤተኛችን እንዲሆኑ በአንድ ድምፅ ወስኗል። ምንጭ ድረስ የሚላክ ሰው ከእንግዲህ አይኖርም፤ ሲመጡ የሚጠጡት እንደማናችንም የቤቱን ነው። ወይዘሮ ዘርፈሽም ብርጭቆውን በገዛ እጃቸው እንደሚሞሉልዎ ቃል ገብተዋል፤ መቼ እንደሚመጡ ብቻ ያሳውቁን።