የሴልን ማገር ሲያዩ የኖሩት የእናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከጽሕፈት ሠራተኛ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያዋ ስለነበሩ ታናናሾቻቸውን አዝለው ፊደል ቆጠሩ፤ የሁለተኛ ደረጃን ጨርሰውም የላቦራቶሪ ሙያ ተማሩ። በ1963 ዓ.ም. አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ተቀጠሩ። ማይክሮስኮፕ ላይ ከመጎንበሳቸው የተነሳ ሰፈርተኛው “እትዬ መነጽር” ይላቸው ነበር። በ1966 ዓ.ም. ከሹፌሩ አባታችን ጋር ተጋብተው እኛን ሦስታችንን ወለዱ።

ሥራቸው የሴልን ማገር፣ ማለትም ቅርጹን የሚይዙለትን ክሮችና ቱቦዎች፣ በቀለም አጉልቶ ማሳየት ነበር። ሴል ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስለው ሰው ካገኙ አለቀለት፤ እራቱ ይቀዘቅዛል እንጂ አይለቁትም። ቀጫጭኖቹ ክሮች ከሽፋኑ ሥር ሆነው ቅርጹን ይለዋውጣሉ፣ ያንፏቅቁታል፤ መካከለኞቹ እንዳይቀደድ ወጥረው ይይዙታል፤ ቱቦዎቹ ደግሞ ዕቃ የሚመላለስባቸው መንገዶች ናቸው፤ ሴሉ ለሁለት ሲከፈል የዘር ውርሱን ጎትተው የሚያካፍሉትም እነሱው ናቸው። ኧረ ስንቴ ሰማነው!

እናታችን ታዲያ ሴሎቹን ባሉበት የሚያደርቀውን መድኃኒት ከማፍሰሳቸው በፊት ሴሎቹ ያሉባቸውን ሳህኖች በረዶ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ እንዳይበላሹ ብለው ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰርም በእነዚያ ሳህኖች ቱቦ የሌለው ሴል አገኘሁ ብለው በ1977 ዓ.ም. በመጽሔት አሳተሙ። በዓመቱ ማቀዝቀዣው ተበላሸና በረዶ ጠፋ። እናታችን እንዳለ በሙቁ ሠሩት፤ ቱቦዎቹ ግጥም ብለው ታዩ። ለካ ቅዝቃዜ ያፈርሳቸው ኖሯል! ያየ ሰው አልነበረም፤ ዝም ቢሉ ዝም ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ጥፋቱ የኔ ነው አሉ። ጽሑፉ ተሰረዘ። እናታችን ዕቃ ማጠብ ላይ ተመደቡ፤ በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡም እዚያው ነበሩ። የሰው ልፋት አበላሸሁ የሚለው ጸጸት ግን ጡረታ አልወጣም፤ እኛም ተዪው እማዬ ማለት ታከተን።

በ2016 ዓ.ም. ካንሰር ተገኘባቸው። የተሰጣቸው መድኃኒት እነዚያኑ ቱቦዎች ገትሮ ይዞ ሴሉ እንዳይከፈል የሚያደርግ ነበር። እግራቸው ሲደነዝዝ፣ የነርቩ መንገድ ተዘግቶ ነው ብለው ለነርሷ ያስረዱ ነበር። ደክሟቸው ነበር፤ እኛም ደክሞን ነበር።

ባለፈው ወር ፕሮፌሰሩ በከዘራ እያዘገሙ ሆስፒታል መጡ። ማቀዝቀዣው ከመበላሸቱ ስድስት ወር በፊት እሳቸውም ያለ በረዶ ሞክረው ቱቦዎቹን አይተው እንደነበር፣ ፈርተው ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ እንደቆለፉበት አንገታቸውን ደፍተው ተናገሩ። እናታችን ይኼን ሁሉ ዓመት? አሏቸው። እኛ ግን ተናደናል፤ ዛሬም አልበረደልንም።

እናታችን የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ። ሦስት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና ሁለት እህቶች ትተዋል። ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት አንድ ነገር አዘዋል፦ ፕሮፌሰሩ ለቀብር ከመጡ እግራቸው ደካማ ነውና ከፊት ወንበር ስጧቸው ብለው። ሰጥተናቸዋል። የደከመች ነፍሳቸውን አምላክ ያሳርፍልን።