የአቶ መንግሥቴ አዛናው ጨለማ ክፍል፣ 1926–1981 ዓ.ም.

አቶ መንግሥቴ አዛናው ከአባታቸው ከመሪጌታ አዛናው በላቸውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል አበረ፣ ከይፋግ ብዙ በማይርቅ የፎገራ መንደር በመስከረም 1926 ዓ.ም. ተወለዱ። ያን ዓመት ውሃው ከሜዳው ቶሎ አልሸሸም ነበርና ክርስትና የተነሡት በታንኳ ተሻግረው ነው።

አባታቸው ልጄ ከደብሩ አይወጣም ብለው ነበር። እውነትም አቶ መንግሥቴ ዳዊት ደግመው፣ ዲቁና ተቀብለው እስከ አሥራ ስምንት ዓመታቸው አገለገሉ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ የመንገድ ቀያሽ ካሜራ ሲያነጣጥር አዩና ልባቸው ሸፈተ። ከሰውዬው ሥር ሥር እያሉ ሙያውን ቀሰሙ። በ1951 ዓ.ም. ወረታ ላይ ፎቶ ቤት ከፈቱ፤ በ1953 ዓ.ም. ወይዘሮ ገላነሽ ንብረትን አግብተው አማከለችን፣ አለኸኝን፣ ይርገዱንና አበረን ወለዱ።

የወረታ ሰው ግን ይበልጥ የሚያውቃቸው በባለቀለሙ ፎቶ ነው። በ1972 ዓ.ም. ሩዝ ለማስለመድ ከውጭ የመጣ አንድ ባለሙያ ጓሯቸው ያለችውን ክፍል ተከራየ። ሰውዬው የሚያነሳው ስላይድ በሚባለው ፊልም ነበር፤ አገሩ ልኮ አሳጥቦ ያስመጣዋል። ስላይድ እንደ ሌላው ፊልም ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አያደርግም። ወደ ፀሐይ ሲይዙት ሰው ከነቀለሙ፣ ከነሳቁ፣ ከጥፍር አንሶ እዚያው ቁጭ ብሏል። ይህን ምስል ወረቀት ላይ አጉልቶ ማጠብ አስተማራቸው። በ1974 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስም ማጉያውን፣ መድኃኒቱን፣ ወረቀቱንና ስላይዶቹን ትቶላቸው ሄደ።

እንግዲህ ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀይ አምፖል ይበቃል። ለዚህኛው ግን ጭላንጭልም አይፈቀድም። ወይዘሮ ገላነሽ በሩ ላይ ቡልኮ ሰቅለው ውጭ ይጠብቃሉ፤ አቶ መንግሥቴ ውስጥ ሆነው በዳበሳ ይሠራሉ። የወረቀቱ ፊት የትኛው እንደሆነ የሚለዩት በከንፈራቸው ነበር፤ ከንፈር ላይ ጠበቅ የሚለው ፊቱ ነው። መብራት የሚስቡት ከጎረቤት ወፍጮ ቤት ስለሆነ ወፍጮው ሲከብደው አምፖሉ ይደክማል፣ ፎቶውም ይቀላል።

«አያ መንግሥቴ፣ ምነው በርበሬ አስመሰሉኝ!» አለቻቸው አንድ ጊዜ፣ ፈረንጁ ሠርጓ ላይ ያነሳት ሙሽራ።

«ጥፋቱ የወፍጮው ነው፣ የኔ እመቤት። ያን ቀን በርበሬ ነበር የሚፈጨው» አሏት።

ከስላይዶቹ አንዷ ላይ የሙከራውን ሩዝ ያጨዱ ጎረምሶች ማጭዳቸውን ይዘው፣ ገና ያልታጨደው ወገባቸው ድረስ ውጧቸው፣ ተሰልፈው ይስቃሉ። ዳር ላይ የቆመው የራሳቸው ልጅ አለኸኝ ነው። በ1976 ዓ.ም. እነዚህ ጎረምሶች ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዱ።

ከዚያ መርዶ ይመጣ ጀመር። ሬሳ ግን አይመጣም። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ደግሞ የሟቹ ልብስና ፎቶ ይወጣለታል፤ ሰው የሚያለቅሰው እሱን እያየ ነው። ታዲያ እናቶች ወደ አቶ መንግሥቴ ደጅ መጡ። «አፈር ስሆን፣ ልጄን ከዚያ መሀል አውጡልኝ» ይላሉ። እሳቸውም ካርቶን ቀደው፣ ብርሃኑ በዚያ ልጅ ላይ ብቻ እንዲያርፍ አድርገው ያወጡላቸዋል። ከሐሙሲት እስከ ይፋግ በየለቅሶው ከሰው ራስ በላይ የሚነሳው እሳቸው ያጠቡት ፊት ሆነ። ወረቀቱ እያረጀ ሲሄድ ፊቶቹ ወደ ሰማያዊ አደሉ፤ ጥርሳቸው ብቻ እንደነጣ ቀረ። አቶ መንግሥቴ ፎቶውና መድኃኒቱ የሚንከባለሉበትን ቱቦ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጡ ነበር። ምን ይሰማል ሲሏቸው «ትንፋሽ» አሉ።

አንዲት እናት ልጇ በሕይወት ሳለ ናፍቆት ቢብስባት ፎቶውን አሳጥባ ወሰደች። ወር ሳይሞላ መርዶው ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ሴቶቹ «ፊታችሁን ሸፍኑ፣ መንግሥቴ መጣ!» እያሉ ነጠላቸውን መሳብ ጀመሩ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ እሳቸውም ይስቁ ነበር። በኋላ የሚስቅ ጠፋ፤ እሳቸውም ገበያ መውጣት ተዉ።

ከስላይዷ ላይ ያልታጠበው አለኸኝ ብቻ ቀረ። ወረቀቱም አልቆ አንድ ብቻ ቀረ።

«የሰውን ልጅ ሁሉ ስታወጣ የኔው ምን በደለህ?» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ።

«ያወጣሁት ሁሉ የት ገባ፣ ገሌ?»

እምቢ አሉ። ይልቅ ስላይዷን ሰጧቸው። ወይዘሮ ገላነሽ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልጃቸውን በፀሐይ ያዩ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ደሳለው የሚባል የሐሙሲት ልጅ አንድ እግሩን አጥቶ ከግንባር ተመለሰ። ስለ አለኸኝ ሲጠይቁት «አብረን ነበርን። ስናፈገፍግ ግን አላየሁትም» አለ። ዘመድ ይህንን መርዶ አደረገው። የነፍስ አባታቸው ቄስ ቢሻው ሽማግሌ አስከትለው መጡ።

«መንግሥቴ፣ ለልጁ ፍትሐት ይገባዋል። ፎቶውን አውጣና ወጉ ይድረሰው» አሏቸው።

«አላየሁትም ነው እንጂ ሞቷል አላለም፣ አባ።»

ወይዘሮ ገላነሽ ደረታቸውን እየመቱ «ወይ አስለቅሰኝ፣ ወይ ልጄን አምጣ!» አሉ።

አቶ መንግሥቴ ወደ ጨለማው ክፍል ገቡ። ሁሉም ሊያጥቡት ነው ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ወረቀቱ የሚቀመጥበትን ጥቁር ከረጢት ይዘው ወጡና በሰው ሁሉ ፊት ቀደዱት። የመጨረሻውን ወረቀት ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ዘረጉት። ያ ወረቀት እንዲህ ብርሃን ከነካው በኋላ ቢታጠብ ነጭ ብቻ ነው የሚወጣው። «በሉ እንግዲህ፣ የሚታጠብ የለም» አሉ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ለቅሶው ቀረ። ወይዘሮ ገላነሽ ክረምቱን ሙሉ ከባላቸው ጋር አንድ መሶብ አልቀረቡም።

አቶ መንግሥቴ ያን ጊዜ ሳላቸው ጠንቶ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ ነበር። ሐኪም ቤት ቢመላለሱም አልተሻላቸውም። ጥር ላይ አልጋ ያዙ፤ ያስታመሟቸው ወይዘሮ ገላነሽ ናቸው። በመጨረሻዎቹ ቀናት በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ብለው «ግባ» እያሉ በስም ይጣሩ ነበር። የሚጠሩት ግን የገባውን ሰው አይደለም። በለቅሶ የተሸኙትን፣ የስላይዷን ልጆች ነው፤ አንድ በአንድ። ወይዘሮ ገላነሽ አልጋው ሥር ተቀምጠው እያንዳንዱን ስም እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። የቀረ የለም፤ ሁሉም ተጠራ።

አለኸኝን አልጠሩትም።

አቶ መንግሥቴ አዛናው በተወለዱ በ55 ዓመታቸው፣ የካቲት 9 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ይህ ታሪክ ሲጻፍ ከዘመድ መካከል «ሦስት ልጆች እንበል» ያለ ነበር። ወይዘሮ ገላነሽ ከተቀመጡበት ቀና ብለው «ቢጠራው እሰማው ነበር። አራት በሉ» አሉ።

ስለዚህ አቶ መንግሥቴ ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ። አማከለች፣ ይርገዱና አበረ እዚሁ ከእናታቸው አጠገብ ቆመዋል። አለኸኝ ገና አልደረሰም።

የመጣችሁ ሁሉ፣ እግራችሁ ይባረክ። የዛሬው እንባ ለእሳቸው ብቻ ይሁን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶቻቸው ጎን ያሳርፍልን።