ቁጥር የጻፍክባቸው ድንጋዮች

ይማምዬ፣ አካሌ፤

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ አላህ ያውቃል። እውነቱን ልጽፍ ስነሣ እጄ እምቢ ይለኛል፣ ውሸት ደግሞ ላንተ አይጻፍም። ሌላዋ ባሏ ሲሞትባት መቃብሩ ዘንድ ሄዳ የሆዷን ትነግረዋለች። ያንተን መቃብር ያሳየኝ የለም። በየትኛው ጉድጓድ፣ ከማን ጋር እንደጣሉህ አላውቅም። ስለዚህ ከልጃችን ከሰዓዳ ደብተር ሁለት ሉክ ገንጥዬ፣ የስፌት መኪናዬ ላይ ዘርግቼ እጽፍልሃለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ልጅህ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት። በቁመት እኔን አልፋኛለች። ስትናደድ እንዳንተው ዝም ትላለች እንጂ አትጮህም። አባቴ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ ወደ አኺራ ሄዱ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ዓይናቸው ደክሟል፤ አሁን በድምፅ ነው የሚለዩኝ። እኔ ያው እሰፋለሁ። ግድግዳው ላይ አንተ የመታኸው መደርደሪያም አለ፤ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ አስቀምጥበታለሁ። ሰው ሲገባ የክር መደርደሪያ ያያል። ለእኔ ግን አሁንም ባዶ ነው።

ሱሪ ልታሳጥር መጥተህ በኪስህ ያመጣኸው ድንጋይ ትዝ ይለኛል። ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ነው። ከአምባሰል ገደል ሥር ያነሣኸው ክብ፣ ላዩ የተቃጠለ ድንች የመሰለ ነገር። ከመኪናዬ አጠገብ አስቀምጠህ «ስበሪው» አልከኝ። በመዶሻ ስመታው ለሁለት ተከፈለ፤ ውስጡ ዋሻ፣ የዋሻው ግድግዳ ሁሉ እንደ ጨው የሚያብረቀርቅ። እኔ አፌን ይዤ ስቀር አንተ «ከላይ አይታወቅም አይደል?» ብለህ ሄድክ። ሱሪህን ረስተኸው።

ከተጋባን በኋላ እሑድ እሑድ መንገዳችን ገደላ ገደሉ ሆነ፤ ከአርዲቦ ማዶ፣ ከአምባሰል ግርጌ፣ ከውጫሌ በታች ካለው ወንዝ። ሰዉ የሳይንሱ መምህር ሚስቱን ድንጋይ ያስለቅማታል እያለ ይስቅብን ነበር። መሣሪያ የለን፤ ያለን አንድ የተገነጣጠለ የጂኦግራፊ መጽሐፍና የኔ የስፌት ዕቃ ነው። በመርፌዬ ትጭረዋለህ። መርፌው ካልጫረው በጠርሙስ ስባሪ ላይ ትስበዋለህ። የተሰበረ ሰሐን ጀርባ ላይ እያሸህ የዱቄቱን ቀለም ታያለህ። ያ ጥቁር ድንጋይ ደም የመሰለ መስመር ሲያወጣ እንዴት እንደጮህክ! አቼቶ ጠብ ስታደርግበት አረፋ ከደፈቀ «የኖራ ዘር ነው» ትላለህ። አጥንት ይሆን ብለን ስንጠራጠር ደግሞ ምላስ ነው፤ ድንጋይ የሆነ የጥንት አጥንት ምላስ ላይ ይጣበቃል ብለህ። እናትህ ቤት ሄደን ድንጋይ ስልስ አይተውኝ «ምነዋ ልጄ፣ ይማም ቀለብ አይሰጥሽም እንዴ?» ያሉኝ ቀን፣ እኔ በሐፍረት ስሞት አንተ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለልክ።

በእያንዳንዱ ላይ በነጭ የበር ቀለም ቁጥር ትጽፋለህ። በደብተርህ ላይ ደግሞ በዚያው ቁጥር ከየት እንዳመጣነው፣ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሆነ ታሰፍራለህ። ካላወቅነው «ያልታወቀ» ትላለህ። ሰው ፊት አላውቅም ማለት ሲያሳፍረኝ አይተህ፣ «አብሽሪ፣ ገምቶ ከመዋሸት ይሻላል» ትለኝ ነበር።

ሰባት ቁጥር አጣልቶናል። እኔ ጉጡም መስመሩም ይታያል፣ እንጨት ነው አልኩ። አንተ መርፌ አይጭረውም፣ እንጨት እንዴት እንዲህ ይከብዳል፣ ድንጋይ ነው አልክ። ሁለት ሳምንት ተከራከርንበት። በመጨረሻ «እንጨት ወይስ ድንጋይ? ያልታወቀ» ብለህ ጻፍክ። አሥራ ሁለት ቁጥር ቅጠሉ ነው። ከወንዙ ዳር ያን ስስ ግራጫ ድንጋይ በቢላዋ ስትሰነጥቀው ውስጡ የተኛው ቅጠል። ላዩ ላይ ያለው መስመር ሁሉ እንደ ጥልፍ ይቆጠር ነበር። ከሾላ፣ ከዋንዛ፣ ከወይራ ቅጠል እየቀጠፍን አጠገቡ አስቀመጥን፤ አንዱም አልገጠመም። ሐይቃችን ዳር ባለው ገዳም የሚያስተምሩት ወዳጅህ መሪጌታ «ከጥፋት ውሃ የቀረ ነው» አሉ፤ አባቴ «ሱብሃነላህ» አሉ። አንተ «ያልታወቀ» አልክ።

ከዚያው ወንዝ፣ ከቅጠሉ በላይ ባለው ንጣፍ ነው አሥራ አራትን ያገኘነው። ጥቁር፣ እንደ ደረቀ ኩበት የሚቀል። ፍም ላይ ስናስቀምጠው ተያያዘና ቤቱን የጭስ ሽታ ሞላው። ደብተርህ ላይ የጻፍከውን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ ከሁሉም ያንን ነው አብልጬ የማውቀው፤ በኋላ አንብበውልኛልና። «አሥራ አራት። ጥቁር፣ ቀላል። እሳት ሲያገኝ ይያያዛል። ከውጫሌ በታች፣ ወንዙ ዳር ተቀብሮ ብዙ አለ። ለጊዜው ጥቂት አምጥተናል።»

እስቲ እንደ አሳሪዎችህ ሆነህ አንብበው፣ ይማምዬ። በዚያ ክፉ ጊዜ፣ መምህር ሁሉ በሚጠረጠርበት ጊዜ አንብበው።

ማክሰኞ ከክፍል አስወጥተው ወሰዱህ። እትዬ በላይነሽ እየሮጡ መጥተው «ልጄ፣ ቤትሽ ያለውን አጥፊ። የማያውቁትን ነገር ሲያዩ ነው የሚብስባቸው» አሉኝ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ልጃቸው በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ተወስዶ ነው የቀረባቸው። መጻሕፍትህን አነደድኩ። ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር። ይህን የሚያይ ሰው ምን ይላል አልኩ።

ረቡዕ ጧት ድንጋዮቹን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሞልቼ፣ ነጠላህን አልብሼ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ሐይቁ ተመላለስኩ። ሴቶቹ ከወዲያ ያጥባሉ፤ እኔ ከቋጥኙ ላይ ሆኜ አንድ በአንድ ወረወርኳቸው። ያ የሰጠኸኝ ክቡ ድንጋይ ሳይቀር። ቅጠሉን ስጥል ለመጨረሻ ጊዜ እንኳ አላየሁትም፤ በጀርባው ገልብጬ ነው የጣልኩት። ስጨርስ የቀለለኝ መሰለኝ። ያተረፍኩህ መሰለኝ።

ሐሙስ ሦስት ሆነው መጡ። ደብተርህን ከትምህርት ቤት ጠረጴዛህ አግኝተውታል። አንዱ ያንን መስመር አነበበልኝና «ፈንጂውን የት ነው የቀበራችሁት?» አለኝ። ቀጠለና፣ «ባልሽ ድንጋይ ነው ይላል። ቤቴ ሂዱ፣ ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ መደርደሪያ ላይ አለ፣ አሥራ አራትን አንሥታችሁ እዩት፣ ሚስቴም ታውቀዋለች ይላል። አምጪው።»

አንተ ወደኔ ላክሃቸው። ከእኔ ሌላ ምስክር አልነበረህም።

ይማምዬ፣ ያልኩትን ልንገርህ። አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩት ይህን ነው። ጥያለሁ አላልኩም። ሐይቁ ውስጥ ነው፣ ኑ ላሳያችሁ፣ ዋናተኛ አስገቡ አላልኩም። ባዶውን መደርደሪያ እያዩ «ቤታችን ውስጥ ድንጋይ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እኔ የማውቀው ነገር የለም» አልኩ። ሰውየው ደብተሩን ዘጋና «ዋሽቷል ማለት ነው» አለ። «አልዋሸም» አላልኩም።

ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ምሳ አመላለስኩ። በስድስተኛው ቀን ሰሐኑን ሳይከፍቱት መለሱልኝና «ከእንግዲህ አታምጪ» አሉኝ።

ነገሩህ ወይ? እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸ ነው። «ሚስትህ አላውቅም ብላለች» ብለውህ ይሆን? ሲሉህ ምን አልክ? ካደችኝ ብለህ ሄድክ? ወይስ እሷ እንኳ ትትረፍ ብለህ ደስ አለህ? አንዳንድ ቀን ሁለተኛውን አምናለሁ። እሱ ይብስብኛል። የሚነግረኝ ሰው የለም፤ አብረውህ ከታሰሩት አንድም የተመለሰ የለም።

በሰባ ሰባት ሐይቁ ሸሸ። ሰው እህል ፍለጋ ሲወጣ እኔ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ድንጋይ ፍለጋ ወጣሁ። ሰዉ አበደች አለ። አንድ ሳምንት ቆፍሬ ሰባት ቁጥርን ብቻ አገኘሁ። ነጩ ቀለም አልለቀቀም፤ ያንተ ሰባት፣ አንገቷ ላይ ሰረዝ ያለባት። ጭቃው ላይ ተቀምጬ እንዳለቀሰ ሕፃን አቅፌው ዋልኩ። ቤት አምጥቼ ከዱቄት ማድጋው ኋላ ሸሸግሁት። ለሰዓዳም አላሳየኋት። ደብተርህ ላይ ያለውን አሥራ አራትን ፈንጂ ነው ብለው እንደከሰሱህ ብቻ ነግሬያታለሁ፤ «ያባዬ ድንጋዮች የት ሄዱ?» ስትለኝ «ወስደዋቸዋል» እላት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ የማዕድን ፈላጊዎች መጥተው ውጫሌ ድንኳን ተከሉ ሲባል ሰማሁ። ሰባትን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ሰዓዳን ይዤ በአውቶቡስ ሄድኩ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ተቀበለን። እያገላበጠ በማጉያ መነጽር አየውና፣ «እህቴ፣ ይህ እንጨት ነበር፤ አሁን ድንጋይ ነው። ዛፉ ተቀብሮ፣ ውሃ እየሠረገበት፣ ዘመን ሲቆይ እንዲህ ሆነ» አለኝ። ሁለታችንም ልክ ነበርን፣ ይማምዬ! ሁለት ሳምንት የተከራከርነው ሁለታችንም ልክ ሆነን ነው። ሳቅሁ። ሰዓዳ ስስቅ አይታኝ ስለማታውቅ ደነገጠች።

ስለ ቅጠሉ ስነግረው «ሳላይ መናገር አልችልም» አለ፤ ልክ እንዳንተ። እንደዚያ ሲለኝ ደፈርኩና ከጎኑ በነበረ ሣጥን ውስጥ ያለችውን ጥቁር ጓል አመለከትኩት። ገና ሳላነሣት አውቄያታለሁ።

«የድንጋይ ከሰል ነው፤ ገና ያልበሰለ ዓይነት። የመጣነውም ለሱ ነው። ወንዙ ዳር ብዙ አለ፤ መንግሥት ይፈልገዋል» አለ።

«የማያውቅ ሰው ፈንጂ ይመስለዋል?» አልኩት።

ሳቀ። «በወሬ ከሰማ ይመስለው ይሆናል። በእጁ ከያዘው ግን የትኛውም ባላገር ከሰል መሆኑን ያውቃል» አለኝ።

ከዚያ ድንኳን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሰዓዳ ክንዴን ይዛ መንገዱ ዳር አስቀመጠችኝ። አውቶቡስ ስንጠብቅ «እማ፣ አሥራ አራትን ወስደውት ከነበረ ለምን አላወቁትም?» አለችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አእምሮዋ ያንተ ነው። ከዚያ ወዲያ መዋሸት አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት። ሳፋውን፣ ቋጥኙን፣ ለሰዎቹ ያልኩትን።

ከተማችን ሐይቅ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም አልተናገረችም። እራት ሳቀርብላት ተነሥታ ትሄዳለች። ጮሃ ብትሰድበኝ፣ አባቴን የገደልሽው አንቺ ነሽ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አይደለሁም ለማለት አፍ የለኝም።

ዛሬ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ በሩ ላይ ቆመችና፣ ፊቷን ሳትመልስ «ሲመጡ እኔ የት ነበርኩ?» አለችኝ።

«ታዝለሽ። በጀርባዬ» አልኳት።

ደብተሮቿን አቅፋ ወጣች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ምን ማለቷ እንደሆነ አላወቅሁም። ለሷ ብዬ ነው ልላት እችል ነበር፤ ሰው ሁሉ ይቀበለኛል። ግን ያኔ ለማን ብዬ እንደዋሸሁ እኔ ራሴ አላውቅም። ፈርቼ ነበር፤ በቃ። እሷ ጀርባዬ ላይ ተኝታ ነበር፤ እኔ ፈርቼ ነበር።

ይቅር በይኝ ብዬ ልጄን አልለምናትም፣ አንተንም አልለምንህም። የማደርገውን ብቻ ልንገርህ። እናትህ በሕይወት አሉ። «የልጄን ድንጋዮች የወሰዱ እጃቸው ይድረቅ» እያሉ እስከ ዛሬ ይራገማሉ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አሚን እላለሁ። ጁምዓ አምባሰል እወጣለሁ። እጃቸውን ስሜ፣ የሚራገሙት እጅ ይኸ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ። ቢያባርሩኝ በእግሬ እመለሳለሁ።

እስከ ዛሬ ሳስታውስህ ራሴን እየደበቅሁ ነበር። ገደል ላይ የጮህከውን፣ በሳቅ የተንከባለልከውን እያነሣሁ፣ ቤትህን አምነህ የሰጠሃትን፣ የካደችህን ሴት ከትዝታው አስወጥቼ። ከእንግዲህ በሕይወት እስካለሁ አንተን ሳነሣ እሷንም አነሣለሁ። «ያለ ጥፋቱ ገደሉት» ለሚለኝ ሁሉ የቀረውን እጨምርለታለሁ። ያለ እውነቱ እንዳላነሣህ ቃሌ ይኸው ነው፤ አላህ ይስማኝ።

ያንተው ዘሐራ